የፊተኛው ወንበር፦ የወይዘሮ አሌያማ ኩሩቪላ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አሌያማ ኩሩቪላ ከአባታቸው ከአቶ ኩሩቪላ ማታይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አቻማ እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ በኬረላ፣ በኩታናድ ካይናካሪ በተባለችው መንደራችን ተወለዱ። አባታችን ዳክዬ አርቢ ነበሩ። የሩዝ መከር ከተሰበሰበ በኋላ ዳክዬዎቻቸውን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየነዱ ለወራት ከቤት ርቀው ይከርሙ ነበር። ከልጆቻቸው መካከል አብሬ ካልሄድኩ ብለው የሚያለቅሱት አሌያማ ብቻ ነበሩ። እናታችን ይህን ሲያወሩ፣ ሌሎቻችን መጀመሪያ መቀመጥን ቀጥሎም መሄድን እንደተማርን፣ አሌያማ ግን መቀመጡን ዘለውት በቀጥታ እንደሄዱ ይናገሩ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን፣ ሁለተኛ ደረጃን በቻንጋናሴሪ በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት ተከታተሉ። የመነኮሳይያቱ አለቃ ለአባታችን ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ወንበሯ ግን አያውቃትም ብለው ነግረዋቸዋል። በ1977 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ቋንቋ በዲግሪ ከተመረቁ በኋላ በዓመቱ በአንድ አየር መንገድ በበረራ አስተናጋጅነት ተቀጠሩ።

ያን ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። እናታችን ራሳቸውን በነጠላ አስረው፣ «ልጄን ያስተማርኳት ለሰካራም መጠጥ እንድትቀዳ ነው?» እያሉ ከጎረቤት ጎረቤት ዞሩ። አባታችን ግን ነገሩን ከራሳቸው ሥራ ጋር አመዛዝነው፣ «ቆጥረሽ አስገቢ፣ ቆጥረሽ አስወጪ፣ በመሀል እንዳይበተኑብሽ። እኔስ ሌላ ምን ስሠራ ኖርኩ?» አሉ። አሌያማም ይህን ምርቃት ይዘው ሄዱ። ዋና አስተናጋጅ ከሆኑ በኋላም መንገደኞቻቸውን ሲቆጥሩ በአባታችን አቆጣጠር፣ በጣታቸው ጫፍ እየጠቆሙ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የሕዝብ ጀልባ ነጂ ከነበሩት ከአቶ ኢፔን ቻንዲ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሺኒንና ቢጁን ወልደዋል። አቶ ኢፔን ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው እየተንሳፈፉ የሚኖሩ፣ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ከበረራ ሲመለሱ ሻንጣ ሳያስቀምጡ ግቢ መጥረግ ይጀምራሉ። አቶ ኢፔንም ከበረንዳው ላይ ሆነው፣ «አሌያማ፣ አርፈሻል እኮ! ሞተሩን አጥፊው!» ይሏቸው ነበር። አያጠፉትም።

አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ወደ ዓረብ አገሮች በሚወስደው በባሕረ ሰላጤው መስመር ነው። በዚያ መስመር የሚመላለሰው የእኛው ሰው ነው፤ ግንበኛው፣ ሹፌሩ፣ ምግብ አብሳዩ። እንደ «እመቤት» ያለ ነገር አያውቅም፤ «እትዬ፣ ውኃ»፣ «እትዬ፣ መስኮቱ ይከፈታል?»፣ «እትዬ፣ ደረስን?» ነው የሚላቸው። ጎማው መሬት ሲነካ ሁሉም ተነሥቶ ዕቃውን ለማውረድ ይጋፋል። አሌያማ ማጉያውን ትተው በራሳቸው ድምፅ፣ «ቁጭ በሉ! ቤታችሁ የትም አይሄድም!» ሲሉ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ቁጭ በል ሲሉ የኖሩ፣ እሳቸው ግን ቁጭ ያላሉ ሰው ነበሩ።

በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ የራሳቸው የሆነ አንድ ልማድ አወጡ። ከባሕረ ሰላጤው ወደ አገሩ የሚገባ ሰው በገመድ የታሰረ ካርቶን፣ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ ለልጅ መጫወቻ ሳይዝ አይሳፈርም። ባዶ እጁን የሚገባ ከተገኘ ሊቀብር የሚሄድ ነው። አሌያማ በሩ ላይ ቆመው እጅ እጅ ያያሉ። ባዶ እጅ ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ ሰውየውን ከኋላ አንሥተው ፊተኛው ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፤ በሩ ሲከፈት ቀድሞ ይወርዳልና። ይህን ያዘዛቸው ማንም የለም። ደንቡም ያለፈቃድ ወንበር መቀየርን አይፈቅድም ነበር። በዚህ ምክንያት ስንቱ ለግብዓተ መሬት እንደደረሰ ግን በዚህ ጉባኤ ውስጥ ያላችሁ ታውቃላችሁ።

በሐምሌ ወር 1996 ዓ.ም. ከአቡዳቢ ወደ ኮዚኮድ ሲበሩ፣ ሞይዱ የተባለ የልስን ሠራተኛ ባዶ እጁን ተሳፈረ። ለእናቱ አንድ ልጅ ነበር። እናቱ ማለዳ ላይ አርፈው፣ የሰፈሩ ሰው እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ድረስ ሊጠብቀው ተስማምቷል። አሌያማ ይዘውት ሄደው ፊት አስቀመጡትና፣ «ወንድሜ፣ ቀድመህ የምትወርደው አንተ ነህ። አይዞህ» አሉት። ወጣቱም እጃቸውን ይዞ፣ «አላህ ይስጥሽ፣ እትዬ» አለ።

ኮዚኮድ ላይ የክረምቱ ዝናብ ጠበቃቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ኮረብታ አናት ላይ ነው፤ ካፒቴኑ ዝናቡ እስኪሳሳ ከደመናው በላይ ይዞሩ ጀመር። ሞይዱ በአንድ ዓይኑ ሰዓቱን፣ በሌላው መስኮቱን ያያል። በመጨረሻ ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ ሳሳና ካፒቴኑ መውረድ ጀመሩ። ከመሬት ከመድረሳቸው በፊት፣ ሁሉም ሰው መቀመጡንና መታጠቁን ከአሌያማ መስማት ነበረባቸው። በዚያች ቅጽበት ሞይዱ ቀበቶውን ፈትቶ ተነሣ። አውሮፕላኑ እየወረደ መሆኑን አላወቀም፤ አሁንም የሚዞር መስሎታል። ሁለት እርምጃ ሄዶ የአብራሪዎቹን በር እጀታ ያዘ። ፊተኛው ወንበር ላይ ባይሆን ኖሮ አይደርስበትም ነበር።

«ለምን አያርፍም? እኔ እነግረዋለሁ!» እያለ በሩን ደበደበ።

አሌያማ በእሱና በበሩ መካከል ገቡ። «ወንድሜ፣ ልናርፍ ነው! አንተ ካልተቀመጥክ አያርፍም፣ ቁጭ በል!»

«እትዬ፣ በአላህ ይሁንብሽ ልቀቂኝ! እናቴን ሊቀብሩብኝ ነው!»

ገፋቸው። የምግብ ማዘጋጃው ጠርዝ ላይ ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ካፒቴኑ የሚጠብቁትን ቃል በመስማት ፈንታ በራቸው ሲደበደብና ሴት ስትጮህ ሰሙ። አውሮፕላኑን መልሰው ወደ ላይ አነሡት። ሁለተኛ ሊሞክሩ ሲመለሱ ኮረብታው በዝናብ ተጋርዶ አልታይ አለ። ነዳጅም እያለቀ ስለነበር በስተደቡብ ርቆ ወደሚገኘው ትሪቫንድረም በረሩ።

መንገደኞች ሞይዱን ይዘው ወንበሩ ላይ አሰሩት። አሌያማ የተሰበረ እጃቸውን በሻርፕ አንጠልጥለው አጠገቡ ቆሙ። ወጣቱ እያለቀሰ «ዐስር ደርሷል?» ይላል። አሌያማ ሰዓታቸውን አዩ፤ አልፏል። አልነገሩትም። ይህችን ለእኔ የነገሩኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ግቢ እየጠረጉ።

ትሪቫንድረም ላይ ፖሊስ ጠበቃቸው። በበረራ ላይ ያለን ሠራተኛ መምታት፣ ማስፈራራት ወይም ሥራውን እንዳይሠራ ማወክ ወንጀል ነው፤ ሕጉ መንገደኛው ለምን እንዳደረገው ብዙም አይጠይቅም። ፖሊስ ግን የተበደለው ሠራተኛ ሳይፈርም ክሱን አይቀበልም። ካፒቴኑ ልባቸው ራርቶ፣ «ወይዘሮ አሌያማ፣ ልጁ እናቱን አጥቷል፤ እንተወው ይሆን?» አሏቸው። አሌያማ ቀኝ እጃቸው ስለማይሠራ በግራቸው ፈረሙ። ሞይዱ ታሰረ። እናቱ ያለ እሱ ተቀበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለቤተሰባችን ከባድ ነበር። የአየር መንገዱ ኃላፊ ስማችን በጋዜጣ ጠፋ፣ ክሱን ያንሱ አሉ። ካህናችን መጡ። አቶ ኢፔን እንኳ፣ «ተይው፣ አሌያማ፤ ድኻ ነው» አሉ። ከሁሉም የባሰው የእናታችን ነበር።

«የሰው ልጅ እናቱን እንዳይቀብር አድርገሽ፣ አንቺ እኔን ልትቀብሪኝ ታስቢያለሽ?» አሏቸው።

«እማማ፣ ከኋላዬ መቶ ሃምሳ ሰው ነበር። ሁሉም እናት አለው።»

«እሱም አለው!»

«ነበረችው» አሉ አሌያማ፤ ወጥተውም እስኪመሽ በማሳው ዳርቻ ተመላለሱ። የፈረሙበትን ነገር ትክክል ነው ብለው ያምናሉ፤ ትክክል መሆኑ ግን እንቅልፍ አልሰጣቸውም። እኔም ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ክሱ ለዓመታት ተንከባለለ። ዳኛ ሲቀየር፣ ጠበቃ ሲታመም፣ ቀጠሮ ቀጠሮን ሲወልድ፣ በዋስ የወጣው ሞይዱና አሌያማ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ይገናኙ ነበር። እሱ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ እሳቸው ፊት ለፊቱ ይንጎራደዳሉ፤ አይነጋገሩም። የሚመሰክሩበት ቀን ሲደርስ ዐቃቤ ሕጉ ወደ ጎን ወስደው፣ «የወንበሩን ነገር የተከሳሹ ጠበቃ አያውቀውም። ካልተጠየቁ እንዳይናገሩ» ብለው መከሯቸው።

አልተጠየቁም። የሆነውን ሁሉ ተናግረው፣ ይውረዱ ሲባሉ ግን ቆመው ቀሩ።

«ክቡር ዳኛ፣ ያልተጠየቅኩት ነገር አለ። ሰውየው የተሰጠው ወንበር ከኋላ ነበር። በራሴ ፈቃድ አምጥቼ ከበሩ አጠገብ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልቡ የተሰበረ ሰው መሆኑን እያወቅሁ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ፣ እየመሰከሩለት ነው ወይስ እየመሰከሩበት?»

«ሁለቱንም፣ ክቡር ዳኛ። ገፍቶኛል፤ እንዳናርፍም አድርጎናል። ወንጀል ነው። እዚያ ያደረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሞይዱ ጥፋተኛ ተባለ፤ ዳኛው ግን ዐቃቤ ሕጉ ከጠየቁት በጣም ያነሰ ቅጣት፣ ስምንት ወር ፈረዱበት። ሲወጣ የባሕረ ሰላጤው ሥራው የለም፤ በሰፈሩ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አየር መንገዱ በበኩሉ አሌያማን ያለፈቃድ ወንበር በመቀየራቸው ከበረራ አገዳቸው። ለእሳቸው ይህ ከእስር አያንስም ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ጡረታቸው፣ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ፣ በማሠልጠኛው አዳዲስ አስተናጋጆችን አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው በጣም ይፈሯቸው ነበር፤ ሕጉን በቃል ያስጠኗቸዋል፣ ቆመው ያስተምራሉ፣ ቆመው ይበላሉ። ከእነርሱ አንዷ እንዳጫወተችኝ እንዲህ ይሏቸው ነበር፦ «መሬት ላይ ሰው ቢገፋሽ ፖሊስ ትጠሪያለሽ። እዚያ ላይ ፖሊሷ አንቺ ነሽ፣ ሐኪሟ አንቺ ነሽ፣ እሳት አጥፊዋም አንቺ ነሽ። አንቺን የያዘ ሁሉንም ይዟል። ስለዚህ ትፈርሚያለሽ። እያለቀስሽም ቢሆን ትፈርሚያለሽ። ከፈረምሽ በኋላ ደግሞ ሰውየው ሰው መሆኑ አይቀርም፤ እሱን ምን እንደምታደርጊው እኔም አላውቅም፣ ሕጉም አይነግርሽም።»

እሳቸው ያደረጉት ይህን ነው። አቶ ሞይዱ ከእስር በወጡበት ዓመት፣ በሐምሌ፣ በባቡር እስከ ቲሩር፣ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ ሰውየው መንደር ሄዱ። አቶ ኢፔን ወዴት ነው ቢሏቸው፣ «ለቅሶ ልደርስ» አሉ። የአቶ ሞይዱ በር ተዘጋባቸው። በዓመቱ ተመለሱ። እንደገና በዓመቱ።

«አንቺ ሴት፣ ለቅሶ ስንት ዓመት ነው የሚቆየው?» አሏቸው አቶ ኢፔን።

«በሩ እስኪከፈት።»

የአቶ ሞይዱ ባለቤት ወይዘሮ ቢያቱ ደግ ሴት ናቸው። በየዓመቱ እስከ አጥሩ መጥተው የሎሚ ውኃ ያቀርቡላቸውና፣ «እትዬ፣ ዛሬም ወጥቷል» ይሏቸዋል። ባጃጁ ግን ግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል። አሌያማም ባጃጁን እያዩ፣ «እሺ፣ ሲመለስ መጥቼ ነበር በይልኝ» ብለው ይመለሳሉ። አቶ ኢፔን በ2011 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሄድኩ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እህቴ አጥር ይዘው ቆመዋል፤ ደሜ ፈላና ወደ መስኮቱ፣ «አንተ ሰውዬ! አሮጊት በፀሐይ ታቆማለህ? ከእንጨት ነው እንዴ የተሠራኸው?» ብዬ ጮህኩ።

«ፖተን፣ ቁጭ በል!» አሉኝ አሌያማ። መንገድ ዳር ነን፣ የሚቀመጡበት የለም። ብቻ ቁጭ አልኩ፣ አፈር ላይ።

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ድምፅ የወጣው። «አሳስረሽኝ ስታበቂ ነው የምታለቅሺልኝ?»

«አዎ» አሉ አሌያማ። «ያሳሰርኩህም እኔ፣ የማለቅስልህም እኔ።»

መስኮቱ ተዘጋ። በባቡሩ ላይ እስከ ቤታችን ድረስ በኮሪደሩ ሲመላለሱ መጡ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ታመሙ። ሐኪማቸው መቀመጥ ብቻ አዘዙላቸው፤ ከዚህ የከፋ መድኃኒት ለእህቴ አልነበረም። በ2018ቱ ጎርፍ መንደራችን በውኃ ሲዋጥ ዓሣ አስጋሪዎች በጀልባ አወጧቸው። እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ፣ ጀልባዋ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ ማን በየት በኩል መቀመጥ እንዳለበት ሲያዝዙ፣ ከአስጋሪዎቹ አንዱ፣ «እናታችን ካፒቴን ናቸው እንዴ?» አለ። «አይ፣ ከእሱ በላይ ነኝ» አሉት። ያን ዓመት ሐምሌ ሲደርስ ግን ወደ ቲሩር መሄድ አልቻሉም። አልጋቸው ላይ ሆነው ልብስ አቀብሉኝ፣ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው እያሉ ልጃቸውን ሺኒን አስለቀሷት። ያንን ሳይ፣ ይህች ሴት እስከ መቼ ትቃጠላለች ብዬ በእግዚአብሔር ላይ አዝኜ ነበር።

በታኅሣሥ ወር መግቢያ ላይ ደጃችን ጀልባ ቆመች። የወረዱት ወይዘሮ ቢያቱና አቶ ሞይዱ ነበሩ። የአቶ ሞይዱ ጢም ሸብቷል። ሐምሌ አልፎ አሌያማ ሳይመጡ ሲቀሩ፣ ወይዘሮ ቢያቱ የሆነ ነገር ቢገጥማቸው ነው እያሉ ባላቸውን እረፍት ነሥተዋቸዋል። አቶ ሞይዱ አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔና ሺኒ በሩ ላይ ቆመን ነበር፤ የሰማነውን እንዲህ እናስታውሳለን።

አቶ ሞይዱ፣ «ይቅር አላልኩሽም» አሉ።

«አልጠየቅኩህም» አሉ አሌያማ። «እንደዚያ ቀን ብትነሣ ነገም እፈርማለሁ።»

አቶ ሞይዱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ሐዘንተኛ እንደሚቀመጠው አቀርቅረው፣ «በይ እንግዲህ። እናቴ ሞታብኛለች» አሉ።

አሌያማ ከትራሱ ቀና ለማለት ታገሉ፤ ሺኒ ልትደግፋቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ራሳቸው ተነሥተው ተቀመጡ። የአቶ ሞይዱን ሁለት እጆች ይዘው፣ «ፈጣሪ ያጽናህ፣ ወንድሜ። የእናትህን ነፍስ ይማር» አሉና አለቀሱ። አቶ ሞይዱም አለቀሱ፤ እየጮሁ፣ ሬሳዋ ትናንት የወጣ ይመስል። እኛም ወደ ጓዳ ገባን።

ወይዘሮ አሌያማ ኩሩቪላ ከዚያ በኋላ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 11 ቀን 2019 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ከኋላቸው የቀሩት የልጃቸው ሺኒና የልጃቸው ቢጁ ቤተሰቦች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ፖተን ኩሩቪላ፣ እንዲሁም በየአየር መንገዱ ያሉ ተማሪዎቻቸው ናቸው። አቶ ሞይዱና ወይዘሮ ቢያቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ ከእኛ ጋር ናቸው። ይቅር ብለዋቸው እንደሆነ ማንም እንዳይጠይቃቸው ቤተሰቡ በትሕትና ያሳስባል፤ አቶ ሞይዱ የመጡት ለቅሶ ሊደርሱ ነው።

ሳይታክቱ የሰው ደጅ ለጠኑት ለእህታችን፣ አምላክ የራሱን ደጅ ሳይዘገይ ይክፈትላቸው። አሜን።